የደኑ መላሽ

እኔ ሰው በገዛ አፉ ለመናገር የሚፈራውን ነገር በወረቀት የማሰፍር ማመልከቻ ጻፊ ነበርኩ። ከከተማው ጽሕፈት ቤት በር ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ እግሩ ባጠረ ጠረጴዛ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ጽፌያለሁ። ስለዚህ ይህንን ታሪክ አሳምሬ መጻፍ አያቅተኝም። ግን አላሳምረውም። አሳምሬ የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ምን እንዳመጣ ስትሰሙ ምክንያቱ ይገባችኋል።

የአገሩን ስም አልጠራም። ብጠራው ሳምንት ሳይሞላ "ይህ እኛን ለመንካት ነው" የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ደብዳቤውን የሚጽፍላቸው ሰው ሲያጡ ደግሞ ወደ እኔው መምጣታቸው አይቀርም።

በዚያ አገር ማንኛውም ነገር ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። በቤታችሁ መሀል መንገድ ሊያወጡ ቢፈልጉ አንድ ሹም አደባባይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። የሚመልስ ከሌለ ሕዝቡ ተስማምቷል ማለት ነው። ከወረቀት ሁሉ ግርጌ "ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ያለ ተስማምቷል" የሚል መስመር አስቀድሞ ታትሞ ይመጣል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ የሞተ ሰው መሞቱን ይስማማ እንደሆነ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ፣ በዝምታው ተመዝግቧል። ወረቀቱን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ለዚህ ሥራ የተሾመው ሰው ዝምታ መዝጋቢ ይባላል። ጥቁር ጃንጥላ፣ ታጣፊ ወንበርና መዝገብ አለው። ክፉ ሰው አይደለም። ጃንጥላውን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ያዳምጣል፣ ምንም ካልሰማ ምንም አለመስማቱን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ይጽፋል። የኛ ከተማ ሰው ለእሱ የተመቸ ነው። "ዝም አይነቅዝም" እያልን ነው ያደግነው።

ከከተማው ራስጌ ደን ነበረ። ማንም አልተከለውም፤ አያቶቻችን ሲመጡ ቆሞ ነው ያገኙት። ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው ተደጋግፎ፣ ከሥሩ አራት ምንጭ ይፈልቃል። የምንጠጣው ያንን ነው። የቤት ማገሩም፣ የማገዶ እንጨቱም ከዚያው ነው። አያቶቻችን ታዲያ ዘዴ አበጁ። ዛፍ መቁረጥ የፈለገ ሰው ከደኑ አፍ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቆምና "ልቁረጥ ወይ?" ብሎ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ከውስጥ፣ ከማይታይ ቦታ፣ የሰው ድምፅ ይመልስለታል። "ቁረጥ" ከተባለ የደረቀውንና የወደቀውን ይወስዳል። "ቆይ" ከተባለ ምሳሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመለሳል። "አይሆንም" የሚባል መልስ የለም። ደኑ ሰው አሳፍሮ አያውቅም፤ "ቆይ" ነው የሚለው። እስከ ልጅ ልጁ ድረስ የቆየ ሰው አለ።

የሚመልሰው ሰው መላሽ ይባላል። መላሽ የሚኖረው ደኑ ውስጥ ብቻውን ነው። ሠርግ አይጠራም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ከማንም ጋር ማዕድ አይቆርስም። አብሮህ የበላን ሰው እምቢ ማለት እንዴት ይቻላል? አያቶቻችን ይህን ስላወቁ ነው። እህሉን ድንጋዩ ላይ እናስቀምጥለታለን፣ ዞር ስንል ይወስዳል። ፊቱን ያየ አይኖርም።

በኔ ዘመን መላሿ የሻረግ ነበረች። መላሽ የሚመርጠው የከተማው ጉባኤ ነው፤ እሷ የተመረጠችው ሃያ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው። ከጓሯቸው ሆና ፍየል ስትከለክል ድምፅዋ ገበያው ድረስ ይሰማ ነበር። ያን ዓመት እኔ ለአባቷ ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷም ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው፣ ጠላ አቅርበው፣ "ልጁን ቆይ በሉት፤ መጀመሪያ ጉባኤው የሚለውን እንስማ" አሉ። ጉባኤው ተሰበሰበና መረጣት። በሦስተኛው ቀን ወደ ደን ገባች። እኔም ቆየሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማለት ነው። እናቷ ሲሞቱ ለቅሶው ከታች ወደ ላይ ይሰማል፤ መውረድ አይፈቀድላትም። በዚያው ቀን አንድ ሰው ማገር ፈልጎ ወጥቶ ጠይቆ ነበር። "ቆይ አለችኝ፤ ድምፅዋ ያው ነው" ብሎ ሲያወራ ሰማሁት። ያው ነው! ምነው ምላሱን በቆረጠው።

እኔ በወር አንድ ጊዜ፣ ገበያ በሌለበት ቀን፣ ወደ ድንጋዩ እወጣና "ልቁረጥ ወይ?" እላለሁ። ምሳር የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅ። "ቆይ" ትላለች። "እሺ" ብዬ እወርዳለሁ። አላገባሁም። ለምን እንዳላገባሁ ለጠየቀኝ ሁሉ ሥራ ይበዛብኛል እላለሁ።

ነገሩ የተበላሸው የጣውላው ጌታ ሲመጣ ነው። ከማዶ አገር የመጣ ቀልጣፋ ሰው ነው፤ ባርኔጣ ያደርጋል። ድንጋዩ ላይ አልቆመም፣ አልጠየቀም። በጀርባ በኩል ገብቶ በአንድ ሳምንት ሠላሳ ዝግባ ጣለ። የሻረግ ከውስጥ "ቆይ! ቆይ!" ስትል ከተማው ሁሉ ይሰማል። የሚቆርጡት ሰዎች የምትጠራቸው መስሏቸው "አቤት" እያሉ ይቆርጡ ነበር።

ከሰስነው። ዳኛው ጨዋ ሰው ነበሩ።

"ማን ከለከለው?" አሉ።

"ደኑ፣ ጌታዬ" አሉ አቶ ዳምጤ። አቶ ዳምጤ የጉባኤያችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ነጭ ጢም ያላቸው፣ ተናግረው የማያሳፍሩ ሽማግሌ።

"ደኑ በየትኛው አንቀጽ?"

አቶ ዳምጤ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

"የተጻፈ አምጡ" አሉ ዳኛው፤ "የተጻፈ ካመጣችሁ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ።"

ልማዳችንን ሕግ ለማድረግ ተነሣን። እውነቱን ልናገር፣ ከተማችን ያኔ አማረባት። ሸማኔው፣ ጠላ ሻጯ፣ ቀንድ ጠራቢው፣ ሁሉም በየሳምንቱ ከአቶ ዳምጤ ግቢ እየተሰበሰበ ሦስት ዓመት ሙሉ ተከራከረ። እንዲህ ያለ ነገር አድርገን አናውቅም ነበር። እኔ እጽፋለሁ፣ አነባለሁ፣ ይሰርዙብኛል፣ ደግሜ እጽፋለሁ። ረቂቁን የልምላሜ ጽሕፈት ቤት ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ላክን። እነሱም ተቀብለው፣ ሳይጠየቅ ዛፍ የቆረጠ አሥር ዓመት እንዲታሰር ተስማምተው፣ ከግርጌው ያቺን የታወቀች መስመር ጨምረው መለሱልን።

"ይቺ ግርጌ ያለችው ነገር አታሰጋም?" አለ ሸማኔው።

"ምን ያሰጋል?" አሉ አቶ ዳምጤ። "የኛ መላሽ መቼ ዝም ብላ ታውቃለች?"

እውነት ነው፣ ዝም ብላ አታውቅም። እኛን ያሳሰበን ሌላ ነገር ነበር። የጣውላው ጌታ አንዱን ወስላታ ቁጥቋጦ ውስጥ ደብቆ "ቁረጥ" ቢያስብልስ? እኔም ሦስት ቀን አስቤ አንቀጽ ሰባትን ጻፍኩ። "ድምፁ ከተመዘገበው መላሽ በቀር ማንም ሰው ቢመልስ መልሱ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ የመለሰውም ይታሰራል።" ሳነበው ጉባኤው ቆሞ አጨበጨበ። በሕይወቴ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ወረቀቱ ባዶ ቦታ ስለተረፈው አንቀጽ ስምንትን ጨመርኩበት፤ "የድምፁ ማንነት ቢያጠራጥር ከተማው እንደ አገሩ ደንብ ሦስት ጊዜ ይጠየቅ" የምትል። እሷን ልብ ያለ አልነበረም።

ሕጉ ጸደቀ፤ ሊታተም ቀን ተቆረጠለት። አንድ ነገር ብቻ ቀረ ተባልን። መላሿ ዋና ከተማ ሄዳ ድምፅዋን ማስመዝገብ አለባት። መንገዱ የሰባት ቀን ነው።

ጉባኤው ሁሉ ወደ ድንጋዩ ወጣ። አፍ አለው ተብሎ ተናጋሪው እኔ ሆንኩ። "የሻረግ! ስለ ደኑ ብለሽ፣ ነይና ዋና ከተማ እንውሰድሽ ወይ?" ብዬ ተጣራሁ።

"ቆይ" አለች።

ሁለተኛ ጠራሁ፤ "ቆይ" አለች። ሦስተኛም እንደዚያው። ደኑን እስከዚያ ቀን ያቆየልን ቃል ነበረ፤ ለኛ ሲመለስ ግን ይሉኝታ ነው ብለን ተረጎምነው። በማግስቱ ወጣን፣ በሠልስቱም ወጣን። በአምስተኛው ቀን "ደኑን የምንጠብቀው ለማን ብለን ነው? እባክሽን!" ብዬ ድምፄ ሲሰበር ቅጠሉ ተንቀሳቀሰና ወጣች።

ትንሽ ሴት ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያን የሚያህል ድምፅ ብቻ ስንሰማ መጠኗን ረስተን፣ ግዙፍ ሴት ነበር የጠበቅነው። ፀጉሯ ሸብቷል። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችና እኔ ላይ ስትደርስ ትንሽ ቆየች።

"ማን ይመልስ እኔ በሌለሁበት?" አለች።

"ስትመለሺ ትመልሻለሽ፤ ስንት ቀን ነው?" አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ከአቶ ዳምጤ ጋር ሄደች፤ እሳቸው ግን አድርሰዋት ተመለሱ። የሆነውን ኋላ ራሷ ነግራኛለች። የድምፅ ምዝገባ ክፍል የሚባል አለ። ጸሐፊው የቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ የሚመስል ነገር አፏ ላይ ደቅኖ "'ቆይ' በዪ" አላት።

"ማን ጠየቀኝ?"

"እኔ ነኛ በዪ የምልሽ።"

"አንተማ እያዘዝከኝ ነው። ሳይጠየቅ የሚመለስ መልስ የለም።"

ጸሐፊው ቅጹን ገለበጠው። ቅጹ ላይ የመልስ እንጂ የጥያቄ ቦታ የለውም። ጉዳዩ ወደ ላይ ተጻፈ፣ ከላይ ወደ ጎን ተመራ፣ እሷንም "ቆዪ" አሏት። ኮሪደር ላይ ካለ አግዳሚ ተቀምጣ አርባ አንድ ቀን ቆየች። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ" አለችኝ፤ "ብቸኝነት የሚሉትን ግን ያየሁት እዚያ ኮሪደር ላይ ነው። ሰው በላዬ ያልፋል፣ ይመለሳል። አንድም የጠየቀኝ የለም።"

ሕጉ የታተመው እሷ በሄደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ከታተመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል ይላል። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት የጣውላው ጌታ ስድሳ ቆራጮች፣ ሁለት የጭነት መኪናና ዝምታ መዝጋቢውን ይዞ መጣ።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለን። ምን አለፋችሁ፣ ኮራን! ጠይቆ የማያውቀው ሰው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ እንደ ሕጋችን ሊጠይቅ ነው። ከተማው ልብሱን ለውጦ ለማየት ወጣ። እልል ያሉ ሴቶች ነበሩ። መዝጋቢው ጃንጥላውን ዘረጋ።

"ልቁረጥ ወይ?" አለ የጣውላው ጌታ በትሕትና።

ያን ጊዜ ነው የገባን። እልልታው ግማሽ ላይ ቀረ። ከደኑ የወፍ ድምፅ እንጂ ሌላ አልመጣም።

"ልቁረጥ ወይ?" አለ ሁለተኛ።

ጠላ ሻጯ አፏን ከፈተች። ባሏ በመዳፉ ከደነው። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "ጋሽ ተገኔ፣ ሕጉ ምን ይላል? ብንመልስ ምን ይላል?" አሉኝ በሹክሹክታ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንቀጽ ሰባትን በቃሌ አነበብኩላቸው። አንዲት ቃል ሳላጎድል።

"ልቁረጥ ወይ?"

ከታች አንድ አህያ አናፋ። መዝጋቢው ብዕሩን አነሣ፤ መዝገቡን አገላበጠ፤ አህያው ከተመዘገቡት መካከል አለመሆኑን አረጋግጦ ወደ ዝምታው ተመለሰ። ስምንት መቶ ሰው ቆመን ነበር። ሁላችንም ድምፅ ነበረን፣ ሁላችንም ሕግ አክባሪዎች ነበርን። አንቀጽ ስምንትን ማንም አላስታወሰም፤ እኔም ጭምር።

ለመቁረጥ ሃያ ስድስት ቀን ፈጀባቸው። ሲጨርሱ መዝጋቢው የዝምታችንን ግልባጭ ሰጠን። እንዴት ያለ የእጅ ጽሑፍ ነው!

የሻረግ የመጣችው ቆራጮቹ ከሄዱ ሁለት ሳምንት አልፎ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ደረቷ ላይ "መላሽ" የሚል የናስ ምልክት ተሰክቷል፤ ድምፅዋን ሳይመዘግቡ ምልክቱን ብቻ ሰጥተው አሰናብተዋት ነበር። ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ኮረብታውን አየችው። አልጮኸችም። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

"ጠየቁ?"

"ጠየቁ። ሦስት ጊዜ።"

"ሰማችሁ?"

"ሰማን።"

"ማን መለሰ?"

"ሕጉ እኮ..."

"ሕጉን አውቀዋለሁ፤ አነበቡልኝ። ማን መለሰ ነው የምልህ።"

አላፈርኩም ብል እዋሻለሁ። እሷም ምልክቱን ነቅላ ያ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛዬ ሥር እንደ ድጋፍ ሸጎጠችውና ወጣች። ጠረጴዛዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልተንገዳገደም።

ወደ ላይ ነው የሄደችው፤ ጉቶዎቹ መሀል ወዳለችው ጎጆዋ። ከአራቱ ምንጭ ሁለቱ በዚያው በጋ ደረቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጉባኤያችን አሁን የሕጉን አንደኛ ዓመት አከብራለሁ ብሎ ተነሣ። መላሿ የክብር እንግዳ ትሁን ተባለ። ከእንግዲህ እምቢ የምትለው ነገር ስለሌለ ከሰው ጋር ብትበላም ችግር የለውም አሉ። ድንጋዩ ላይ ወጥተው ሦስት ጊዜ ጠሯት። አልመለሰችም። "ተስማምታለች" ተብሎ ተጻፈ፣ ወንበር ተዘጋጀላት፣ ወንበሩ ባዶውን ዋለ። ወጡን በላን። እኔም በላሁ፤ ምን ልዋሽ።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ነው አንድ ጠዋት ድምፅዋን የሰማነው።

"ቆይ!"

ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። ማንም አልጠየቀም። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "ቆይ!" አለች። እስከ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። በማግስቱም እንደዚያው። "አበደች፣ ምስኪን" አለ ከተማው። እኔ ግን ሳይጠየቅ የሚመለስ መልስ የለም ያለችውን አውቃለሁ። ያቺ ሴት እንዲህ ያለችው ያለ ነገር አይደለም ብዬ ወጣሁ፤ ከተቆረጠ ወዲህ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ከወይራው ጉቶ ሁሉ ቀንበጥ ወጥቷል። ከኔ ጉልበት የማይበልጥ፣ ለጋ፣ ብዛቱ ግን ለጉድ። የሻረግ ከእንግዲህ ዝምታን አታምንም። አንድ ትንፋሽ ያህል እንኳ ዝም ማለት አልፈለገችም።

ሥጋቷም ከንቱ አልነበረም። የጣውላው ጌታ ጉቶውን ነቅሎ ለከሰል ሊወስደው ነው የሚል ወሬ ቡና ሲጫን ከማዶ መጣ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ አዳምጣት ነበር። መጀመሪያ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር። በወሩ ሻከረ። በሁለተኛው ወር ከንፋስ መለየት አቃተኝ። አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጆሮዬን ባቆም፣ ባቆም፣ ምንም የለም። ብድግ ስል ጥቁሩ ጃንጥላ በታችኛው መንገድ ሲመጣ አየሁ፤ ከኋላው ባርኔጣው፣ ከባርኔጣው ኋላ ዶማ የያዙ ሰዎች።

የማመልከቻውን ክምር እንደተበተነ ትቼ ሮጥኩ። በዚያ ዕድሜዬ መሮጥ ይባላል እንግዲህ። በፍየል መንገድ አቋርጬ ጎጆዋ ስደርስ ተኝታለች። ትኩሳቱ ፊቷን አቅልቶታል፤ ከጎኗ ማር የተበጠበጠበት የሞቀ ውሃ አለ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለም። ከታች ከተማው ተሰብስቧል። እንደ ልማዱ ለማየት ወጥቷል።

"ልንቀል ወይ?" አለ ሰውየው ከድንጋዩ ላይ።

የሻረግ ተነሥታ ልትቀመጥ ሞከረች፤ አቃታት።

"ልንቀል ወይ?"

አየችኝ። አንቀጽ ሰባት በቃሌ አለ፣ የጻፍኩት እኔ፣ የተጨበጨበልኝ እኔ። ከጎጆዋ ወጣሁ።

"ልንቀል ወይ?"

"ቆይ!" አልኩ።

ወይ ድምፅ! ሃያ ሦስት ዓመት ጽፌ እንጂ ጮኼ አላውቅም፤ እንደ ጫጩት ነው የወጣው። ግን ወጣ። ኮረብታው ጉቶ ብቻ ስለሆነ የሚያግደው ነገር አልነበረም፤ ከተማው ድረስ ወረደ።

የጣውላው ጌታ ሳቀ። "ይህ የወንድ ድምፅ ነው፤ ጻፍ" አለው መዝጋቢውን።

መዝጋቢው ግን ደንብ አዋቂ ነው። መዝገቡን ቢያይ የመላሿ ድምፅ የሚገባበት ገጽ ባዶ ነው፤ ሊያመሳስልበት የሚችል ነገር የለውም። ሕጉን ገለጠ፣ ጣቱን እያንሸራተተ ወረደ፣ አንቀጽ ስምንት ላይ ቆመ። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ወደ ከተማው ሰው ዞረ።

"የድምፁ ማንነት አጠራጥሯል። ይህ ድምፅ የመላሿ አይደለም የምትሉ ተናገሩ!"

ስምንት መቶ ሰው ያውቀኛል። የግማሹን ክስ፣ የግማሹን ምሕረት ልመና የጻፍኩ ሰው ነኝ። ድምፄን ገበያ ውስጥ ዐይናቸውን ጨፍነው ይለዩታል። አቶ ዳምጤ ከፊት ቆመዋል፤ ጢማቸው ሲንቀጠቀጥ ከላይ ሆኜ ይታየኛል። ጠላ ሻጯ በዚህ ጊዜ አፏን የከደነችው በገዛ መዳፏ ነው።

"ተናገሩ!" አለ ሁለተኛ።

ሸማኔው ጉሮሮውን ሊያጸዳ ሲል ሁሉም ዞሮ አየው። ዋጠው።

"ተናገሩ!" አለ ሦስተኛ። አህያው እንኳ አላናፋም።

መዝጋቢው ብዕሩን አጠቀሰና በዚያ ጥሩ የእጅ ጽሑፉ ጻፈ፤ ከተማው ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ዝም ስላለ ድምፁ የመላሿ መሆኑን ተስማምቷል። ጃንጥላውን አጠፈ። ባርኔጣውም ዶማውም ተከትሎት ወረደ። ሰዉም አንድ ቃል ሳይናገር፣ አንዱ ያንዱን ፊት ሳያይ፣ ወደየቤቱ ገባ።

ወደ ጎጆው ስመለስ የሻረግ በሹክሹክታ ያህል ድምፅ አግኝታ ነበር።

"ምሳር እንኳ የለህም" አለችኝ፤ "በየወሩ የምትመጣው።"

ለካ ታየኝ ኖሯል። የማሩን ውሃ ላቀብላት ስል ጽዋውን ያዘችና ቀድማ ልትሰጠኝ እጇን ዘረጋች። ከዚያ እንደገና ሰበሰበችው።

"መላሽ ከሰው ጋር አይቀምስም" አለች። "አንተም እንግዲህ መላሽ ነህ።"

ስትድን ወደ ምዕራቡ ሸንተረር ሰደደችኝ። ኮረብታው ለአንድ ድምፅ ሰፊ ነው፤ እኔ ያንን በኩል እጠብቃለሁ፣ እሷ ይህንን። ከዚያ ወዲህ ከተማ አልወረድኩም። ድንጋዩ ላይ አሁን ሁለት ቁና እህል ይቀመጣል፤ ማን እንደሚያስቀምጠው አይናገሩም። የእህቴ ልጅ ስታገባ ከበሮውን ከዚህ ሆኜ ሰማሁት። ወይራው ደረቴ ጋ ደርሷል። የጣውላው ጌታ በየክረምቱ መጨረሻ ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይመለሳል።

ጠዋት ጠዋት እሷ ትቀድማለች። ጥቂት አዳምጥና እኔም በተራዬ እላለሁ። የጠየቀን የለም። አባቷ ለሽማግሌዎቼ የሰጡትን መልስ አሁን በየቀኑ ከገዛ አፏ እሰማዋለሁ፤ ከማዶ ሸንተረር፣ በቀን ብዙ ጊዜ።

እሺ እላለሁ። እቆያለሁ።